የጓሮ ችግኞቼን ምስጥ ፈጀብኝ፤ የቀሩትን እንዴት ላድናቸው?

አዲስ ጓሮ | ቢሾፍቱ | ጥር 14

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንባቢ እንጂ ጻፊ አልነበርኩም፤ ሆዴ ቢያርር ነው ብቅ ያልኩት።

አዲሱ ቤታችን ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። ከቤቱ ጀርባ ደህና ጓሮ ተርፎናል። ባለፈው ሐምሌ ሰባት ችግኝ አስተከልኩ፦ ሦስት የተዳቀለ አቮካዶ፣ ሁለት ማንጎ፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ዘይቱን። ክረምቱን ሁሉም ደህና ነበሩ። መስከረም ላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው ሳይፈላ እየጎተትኩ ወደ ጓሮ እወስደው ነበር።

አሁን ሎሚው ክው ብሎ ደርቋል። አንዱ ማንጎ ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ መጥቶ ታኅሣሥ ላይ ሞተ። አንዱ አቮካዶ ከጥቅምት ጀምሮ ጠውልጎ ነበር፤ ውሃ ብጨምርለትም ብሶበት ሄደ። ሁለተኛው አቮካዶ ደግሞ ግራ ያጋባኝ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቅርፊቱ ተልጧል፤ ቅጠሉ ግን እስካሁን አረንጓዴ ነው።

የሞተውን ማንጎ ስነቀንቀው ግንዱ ላይ የጭቃ መስመር አየሁ። ምስጥ! ጎረቤቴ ገበያ ላይ በትንንሽ ፌስታል የሚሸጥ ነጭ ዱቄት አለ፣ አንድ አንድ ማንኪያ ሥራቸው ላይ ነስንስበት፣ ድራሹ ይጠፋል አለኝ። ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ግን ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝና እጄ አልታዘዝ አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሆራ ማዶ | ቢሾፍቱ | ጥር 14

ምስጥ ነው፣ ምንም ጥርጥር የለውም። እኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው። አመድ አድርግበት። ኩይሳ ካለ ደግሞ ቆፍረህ እናትየዋን አውጣት፤ እሷ ካልወጣች ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ጡረተኛው | ጥር 14

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያቺን ፌስታል እንደታሰረች ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጣት። ስሙ ያልተጻፈበት፣ መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት ጓሮ ውስጥ አይነሰነስም። ነገ ጎመን የምትቀጥፍበት አፈር ነው፤ ልጆቹም ባዶ እግራቸውን የሚሮጡበት።

ቀጥሎ የምጠይቅህ ይሄ ነው፦ ምስጡ ማንጎውን ገደለው ወይስ ማንጎው ከሞተ በኋላ ለቀብር መጣ? በልማት ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ገበሬ ማሳ ላይ ተመላልሻለሁ። ምስጥ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው የደረቀ እንጨትና ገለባ ነው። ችግኝ የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ችግኙ በውሃ ጥም ወይም በሌላ ሕመም ሲዳከም ነው። ስለዚህ የጭቃ መስመር ስላየህ ብቻ አትፍረድ፤ ሬሳውን እንመርምር።

የሞቱትን ሦስቱን ዙሪያቸውን ቆፍረህ አውጣቸው። እንዳትነቅላቸው፤ ስትነቅል ሥሩ ይበጠስና ማስረጃው አፈር ውስጥ ይቀራል። ሲተከሉ ላስቲኩ ወልቆላቸው ነበር? የሥሩ ቀለም ምን ይመስላል? አሽትተው። ነሐሴ ላይ ጓሮህ ውስጥ ውሃ የሚተኛው የት ጋ ነው? የልብስ እጣቢ የት ነው የሚደፋው? ሣሩን ማን ነው የሚያጭደው? ደግሞ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ለገና በግ ገዝታችሁ ነበር? የት ታስሮ ሰነበተ?

ሆራ ማዶ | ጥር 14

ሃሃሃ ጋሼ የመጨረሻዋን ጥያቄ ወደድኳት። እኔ ግን አሁንም ምስጥ ነው እላለሁ።

አዲስ ጓሮ | ጥር 16

ጋሼ፣ እጅዎን ልሳም ወይስ ልደበቅ አላውቅም። ትናንት ከሥራ መልስ በባትሪ ብርሃን ሳይቀር ቆፍሬ ነበር።

ሎሚው ከነላስቲኩ ነው የተተከለው። ጥቁሩ ላስቲክ ዛሬም እንዳለ አለ፤ ሥሩ ውስጡ ዞሮ ዞሮ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሏል። የተከለልኝ የቀን ሠራተኛ ነው፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሰባቱንም በግማሽ ቀን ጨርሶ ሲጠብቀኝ በፍጥነቱ ተደስቼ ከተስማማንበት በላይ ሰጥቼዋለሁ።

ማንጎው ከልብስ ማጠቢያችን ሁለት ሜትር አይርቅም። ልብስ የምታጥብልን ልጅ "ዛፉ ይጠማዋል ብዬ" አለችኝ፤ እጣቢውን በየሳምንቱ እሱ ላይ ስትደፋ ከርማለች። ነጭ ልብስ በሚታጠብበት ቀን በረኪናም አለበት። ምን ይባላል፣ አዝናለት ነው።

አቮካዶው ሥሩ ጥቁር ነው፣ በጣት ሲያሹት ልጣጩ ይወልቃል፤ የረጋ ውሃ ይሸታል። ያ ጥግ ነሐሴን ሙሉ ኩሬ ሆኖ ነበር፤ አፈሩም ዋልካ ነው።

የተላጠው ደግሞ… ለገና ሙክት ተገዝቶ አራት ቀን ያህል እዚያ ታስሮ ነበር። ገመዱ ግንዱ ላይ ዞሮ ነበር። የተላጠው ቦታ ሦስት ጣት ይሰፋል፣ ዙሪያውን ሊገናኝ ትንሽ ነው የቀረው። ቅጠሉ ግን ምንም አልሆነም፣ ስለዚህ ይተርፋል መሰለኝ።

ጡረተኛው | ጥር 16

"ቅጠሉ ምንም አልሆነም" የምትለዋ ናት ሰው የምታዘናጋው። ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ነው፤ እንጨቱን በጉ አልበላውም። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ግን ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ ሥር ባለችው እርጥብ ሽፋን ነው፣ በጉ የላጠውም እሷን ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተገፈፈ ላዩ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ለምልሞ ይቆያል፤ ታች ግን ሥሩ እየተራበ ነው። ሥሩ ሲሞት ላዩ ይከተላል። ያኔ ሰው በጉን ረስቶታል፤ ምስጥ ነው ይላል።

ያንተው ሙሉ ለሙሉ አልተገናኘም ብለሃል። ያልተላጠችው ቁራጭ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ በጥፍርህ በጣም በትንሹ ፋቅ አድርጋት። አረንጓዴና እርጥብ ከሆነች በእሷ ድልድይነት ሊኖር ይችላል። ቡናማና ደረቅ ከሆነች ተስፋው ሌላ ነው፣ ኋላ እንነጋገራለን።

አሁን የተላጠውን ዳርና ዳር የተንጠለጠለውን ቅርፊት በስለታም ቢላ አስተካክለህ ቁረጥ። ሬንጅ፣ የዘይት ቀለም፣ ግሪስ የመሳሰለውን አትቀባው፤ ቁስሉን ከማፈን በቀር ጥቅም የለውም። የከሰዓት ፀሐይ በሚመጣበት በምዕራብ በኩል ጆንያ በሁለት እንጨት ወጥርና ጥላ አድርግለት። አቮካዶ በልጅነቱ ግንዱ ፀሐይ አይችልም፣ የተላጠማ ይብስበታል።

የማንጎው ነገር ግልጽ ነው። ሳሙናና በረኪና ውስጥ ያለው ጨው አፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ሲሄድ ቅጠል ከጫፉ ነው የሚቃጠለው፤ አንተው ራስህ በትክክል ገልጸኸዋል። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ችግኝ ከመትከልህ በፊት አፈሩን አውጥተህ ቀይረው። ንጹሕ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ውሃ ብትሰጥ ብዙ አይጎዳም። የመጀመሪያው እጣቢና በረኪና ያለበት ግን በፍጹም።

ችግኝ ሻጩ | ባቱ | ጥር 17

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ስለ ሞተው አቮካዶ ግን እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ሁሉም ሰው "ውሃ ተኛበት" ይላል፤ እኔ በየዓመቱ የማየው ግን ሌላ ነው። የቀን ሠራተኛ ጉድጓዱን ጥልቅ ያደርግና ችግኙን እስከ አንገቱ ይቀብረዋል። የተዳቀለበት መጋጠሚያ፣ ማለትም የላይኛው ቅርንጫፍ ከታችኛው ግንድ ጋር የተጣበቀበት ቦታ፣ አፈር ውስጥ ከገባ፣ ወይም ግንዱ ላይ አፈር ከተቆለለ፣ ግንዱ ይበሰብሳል። ውሃው ባይተኛም ይሞት ነበር። አዲስ ጓሮ፣ መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ነበር?

አዲስ ጓሮ | ጥር 17

ይቅርታ፣ በሽታ እንዳይዛመት ብዬ ዛሬ ጠዋት አቃጠልኩት። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ መጋጠሚያው ከአፈር ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። የተላጠው ግን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ነው፣ በጉ የላጠው እንዲያውም እዚያው መጋጠሚያው ላይና ከፍ ብሎ ነው።

ጡረተኛው | ጥር 17

ሬሳው ከተቃጠለ ክርክሩ ይቀራል። እኔ ያ የጠቆረ ሥር ውሃው ነው እላለሁ፤ አቮካዶ በረጋ ውሃ ውስጥ ሥሩን የሚያበሰብስ በሽታ ወዲያው ይይዘዋል። ባቱ ያለው ወዳጄ ያለውም የሚሆን ነገር ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሆነው ሊሆን ይችላል።

ለወደፊቱ ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍረህ አትትከል። 60 በ60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሚባለው ምክር ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ ለሚያሳልፍ አፈር። ዋልካ ውስጥ ያ ጉድጓድ ክረምት ላይ ባልዲ ነው የሚሆነው። አፈር ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለህ ጉብታ ሥራና እላዩ ላይ ትከል። በበጋ ደግሞ ዋልካ ሲሰነጠቅ ቀጫጭን ሥር ይበጥሳል፤ ስንጥቁን ባየህ ቁጥር አፈር ሙላበት።

ነቀምቴ ልጅ | ጥር 18

የምስጥ ነገር ሲነሳ እኛ ዝም ማለት አንችልም፤ ወለጋ ውስጥ ምስጥ ቤት ሳይቀር ይበላል። ጡረተኛው እንዳሉት ደካማ ችግኝ ይመርጣል፤ እውነት ነው። ግን እኛ ጋ በጋ ሲጠነክር ጤነኛውንም ይይዛል፣ በተለይ ባሕር ዛፍ። ስለዚህ "ምስጥ ንጹሕ ነው" ብላችሁ እንዳትፈቱት።

ለሆራ ማዶ፦ እናትየዋን ማውጣት የሚያዋጣው ኩይሳ በሚሠራው ምስጥ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ጓሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ኩይሳ የሌለው፣ መሬት ሥር የተበታተነው ነው። እሱን የት ብለህ ትቆፍረዋለህ?

እኔ የማደርገው መጀመሪያ ጓሮ ውስጥ የተቀበረ እንጨት መልቀም ነው። አዲስ ቤት ከሆነ የግንባታ ተረፈ እንጨት፣ የካርቶን ቁራጭ፣ የሲሚንቶ ወረቀት አፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ያ ሁሉ ግብዣ ነው። ያልበሰለ ፍግም እንደዚያው። ውሃ ሳያቋርጡ ማጠጣት ነው ሌላው። ሥሩ ላይ ገለባ አልብሱ የሚሉትን ግን አልቀበልም፣ ምስጥ ባለበት ቦታ ገለባ ማለት ምሳ ማቅረብ ነው።

ጡረተኛው | ጥር 18

ገለባው ላይ ግማሽ እንስማማለን። እኔ ያየሁት ደግሞ ተቃራኒውንም ነው፦ ገለባውን ጠርገህ ስታነሳ ምስጡ ሌላ የሚበላው አጥቶ ወደ ችግኙ ይዞራል። ደረቅ ገለባ ከግንዱ ጋር እንዳይነካካ ነው ዋናው ነገር፤ አንድ ስንዝር ራቁቱን ይተው። ከዚያ ወዲያ ውፍረቱ አራት ጣት ያህል ቢለብስ አፈሩ እርጥበት ይይዛል። ከፈራህ በገለባ ፋንታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድርበት፤ ድንጋይ የሚበላ ምስጥ እስካሁን አላየሁም።

ነቀምቴ ልጅ | ጥር 18

ድንጋዩ ላይ ተስማምተናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የምስጥ ባይሆንም። የሞተውን ማንጎ ለመተካት ስትገዛ ቅጠሉን አገላብጠህ እይ። ነጭ ነጠብጣብ፣ ኖራ የተረጨበት የሚመስል፣ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ካየህ አትግዛ። የማንጎ ነጭ ተባይ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እኛው ጋ ምሥራቅ ወለጋ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010፤ አሁን ብዙ ቦታ ደርሷል። ራሱ ብዙም አይራመድም፤ እኛ ነን በችግኝ የምናዞረው።

እትዬ ዘይቱን | አዲስ አበባ | ጥር 19

ልጆቼ፣ እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ግን ዘይቱኔ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ችግኝ የሞተብኝ፤ እሱም ሣር ለአዲስ ዓመት ሲታጨድ ነው። አጫጁ ማጭዱን እያወዛወዘ ሲመጣ ችግኝ አይታየውም፣ ሣር ውስጥ ገብቷላ። ከዚያ ወዲህ በችግኙ ዙሪያ አንድ ክንድ ያህል ሣሩን በእጄ ነው የምነቅለው። ሣር ከሌለ አጫጅ ወደዚያ አይመጣም።

ዶሮ ደግሞ አለች። ፍግ ያደረጋችሁበትን አፈር ስትጭር ሥሩን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። የድንጋዩ ነገር ለእሷም ይሆናል።

የተላጠ ግንድ እናቴ እበት በጭቃ ለውሳ ትለብጠው ነበር፣ እኔም እንደዚያው። ይድናል።

ለልጆች መድኃኒቱ ደግሞ ቁጣ አይደለም። ለእያንዳንዱ የልጅ ልጅ አንድ አንድ ችግኝ ሰጠኋቸው፣ "የኔ" ይላሉ። አሁን ኳስ ወደ አንዱ ችግኝ ከሄደች ጠብ ነው፤ እኔ ዳኛ ሆኛለሁ።

ጡረተኛው | ጥር 19

እትዬ፣ ጭቃው ለቁስሉ ጥላ ስለሚሆነው ይጠቅማል፣ አልከራከርዎትም። እበቱ ቢቀር ግን ደስ ይለኛል፤ ትኩስ እበት ክፍት ቁስል ላይ ባይደረግ ነው።

እትዬ ዘይቱን | ጥር 19

እናቴ በሕይወት ብትኖር ይህን ለእርሷ ይነግሯት ነበር። እኔ አልደፍርም።

የበረዶ ልጅ | ደብረ ብርሃን | ጥር 20

እናንተ ስለ ፀሐይ ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ ገዳዩ አመዳይ ነው። ደጋ ላለ አንባቢ ትጠቅም እንደሆነ ልጻፍ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ከሆነ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ጽጌ ያለው ባቄላ ላይ የሚያደርሰውን ሁሉም ያውቃል፤ ለጋ ችግኝም እንደዚያው ነው።

እኔ ፖም አሉኝ፣ ፖም ራሱ ብርድ ይችላል። የሚያስቸግረኝ አንዱ ኮክና አጎቴ በእልህ ያስተከለኝ አቮካዶ ነው። ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ አራት እንጨት ተክዬ ጆንያ አለብሳለሁ። ጆንያው ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ የነካው ቅጠል በረዶው በጆንያው በኩል ይይዘዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ መግፈፍ ነው፣ ተሸፍኖ ከዋለ ይታፈናል። ብርድ በሚፈራበት ቀን ከሰዓት በፊት አፈሩን ውሃ አጠጣዋለሁ። ሰው በዚህ ይስቃል፤ እርጥብ አፈር ግን ከደረቅ ይልቅ የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል።

ቅጠሉ ተቃጥሎ ብታገኙት ቸኩላችሁ አትቁረጡ። የተቃጠለው ቅጠል ለቀጣዩ ሌሊት ለውስጠኛው ልብስ ነው። የብርዱ ወቅት ሲያልፍ፣ አዲስ እንቡጥ የት ጋ እንደወጣ ሲታይ ያኔ ይከረከማል።

ሰንሰለት ሰፈር | ጥር 20

አጎትህን ሰላም በልልኝ። 2,800 ሜትር ላይ አቮካዶ!

የበረዶ ልጅ | ጥር 20

አሁን ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ። ግን አለ።

ይርጋለም | ጥር 22

ማንም ፍልፈል ሳያነሳ ልታልፉ ነው? እኛ ጋ የእንሰት ጠላት እሷ ናት፤ ችግኝም አትምርም። ምልክቷ የታወቀ ነው፦ ጠዋት ደህና የነበረ ችግኝ ከሰዓት ያዘነብላል፣ ስትይዘው እጅህ ላይ ይቀራል። ሥሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። አጠገቡ አዲስ የአፈር ክምር አለ።

እኔ ስተክል ጉድጓዱን ውስጡን ለዶሮ ቤት በሚሆን ሽቦ እንደ ቅርጫት አለብሰዋለሁ፤ አፉን ከመሬት ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። ቀዳዳው በጣም ጠባብ የሆነ ሽቦ አትጠቀሙ፣ ሥሩ ሲወፍር ያንቀዋል። የተተከለውን ለማዳን ግን ሽቦ አያገለግልም፣ ወጥመድ ነው መፍትሔው። እሱን ደግሞ አባቶች እንጂ እኔ አልችልበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሜሪላንድ | ጥር 23

ከዚህ ሆኜ ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ እኛን የሚያስቸግረን አጋዘን ነው። ከተማ መሃል! በመኸር ወንዱ ቀንዱን ሊያሽ ለጋ ግንድ ይፈልግና እንደ አዲስ ጓሮ በግ ልጦት ይሄዳል። ክረምት ላይ በረዶው ሲከመር ጥንቸል መጥታ ከበረዶው በላይ ያለውን ቅርፊት ትበላለች። ሁለቱንም ያስቆመልኝ አንድ ነገር ነው፦ ከግንዱ ራቅ ብሎ በሦስት ብረት የቆመ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የሽቦ ክብ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በ17 ዓመት አንዴ ከመሬት የሚወጣው ሲካዳ የሚባል ነፍሳት መጣብን። ጩኸቱ ስልክ አያስወራም። ሴቷ ቀጭን ቅርንጫፍ ሰንጥቃ እንቁላል ትጥላለች፣ ከዚያ ጫፉ ይደርቃል። ትልቅ ዛፍ ምንም አይሆንም፤ ያኔ ሁለት ዓመት የሆነውን የኮክ ዛፌን ግን ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ መረብ አልብሼ ነው ያተረፍኩት። ጎረቤቴ "ሙሽራ አደረግሽው?" አለኝ። ቀጣዩ እ.ኤ.አ. በ2038 ነው፤ ያኔ ኮኩ ራሱን ይችላል።

አዲስ ጓሮ | ጥር 25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን ያደረግኩት፦ የቀሩትን ማንጎና ዘይቱን ላስቲካቸው ወልቆ እንደሆነ ቀስ ብዬ ፈትሼ አየሁ። ዘይቱኗ እሷም ከነላስቲኳ ናት! ዳርና ዳሩን በምላጭ ቀድጄ፣ ሥሩን ሳልነካ ስቤ አወጣሁት። የታቹ ግን እንዳለ ነው፣ አልደፈርኩም። ልክ ነኝ?

ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል። እንዴት ላድርግ?

ጡረተኛው | ጥር 25

ልክ ነህ። የታቹን ሥሩ በስቶት ይወጣል፣ ላስቲኩ ስስ ነው። ጎኑ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው።

ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከምትረጭ በሳምንት ሁለቴ ለእያንዳንዱ ግማሽ ጀሪካን ስጠው፤ ጠልቆ ይገባል፣ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። በየቀኑ የሚረጭ ውሃ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ውሃ ለማይመጣበት ሳምንት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በመርፌ ብሳና ከግንዱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ገልብጠህ ቅበራት፤ ቂጧን ቁረጥና ከላይ ሙላት። ሁለት ሁለት ብታደርግ አይበዛም።

ችግኝ ሻጩ | ጥር 25

እኛ ሻጮችም እንወቀስ። ላስቲኩን አውልቁ ብለን ሳንናገር ነው የምንሸጠው። ከዚህ በኋላ ለገዢ ሁሉ እየቀደድኩ አሳያለሁ፣ ከመሸጤ በፊት ማለቴ አይደለም።

አዲስ ጓሮ | ሚያዝያ 23

ሰላም፣ ጠፋሁ። የመጣሁት ምስራችና መርዶ ይዤ ነው። ዘይቱኗ፣ ማንጎውና ሦስተኛው አቮካዶ በጋውን ወጥተውታል። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ማንጎው ሐምራዊ ቀለም ያለው ለጋ ቅጠል አወጣ።

የተላጠው አቮካዶ ላዩ መጋቢት ላይ ደረቀ፤ ያቺ ድልድይ የተባለችው ቁራጭ አልቻለችም። ልነቅለው ስል ግን ከታች፣ ከተላጠው ቦታ በታች ሁለት ቀንበጥ ብቅ አሉ። አሁን አንዱ ክንዴን ያህላል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ይሄ ድኗል ማለት ነው?

ችግኝ ሻጩ | ሚያዝያ 23

ሥሩ ድኗል፣ የገዛኸው ዛፍ ግን አይደለም። ከመጋጠሚያው በታች የበቀለ ከሆነ የሚያድገው ከፍሬ የበቀለው ተሸካሚው፣ ማለትም ቅርንጫፉ የተዳቀለበት የታችኛው ችግኝ ነው። እንዳለ ብትተወው ያፈራል፣ ግን ብዙ ዓመት ትጠብቃለህ፤ ፍሬው ምን ዓይነት እንደሚሆንም ማንም አይነግርህም።

ከሁለቱ ቀጥ ያለውንና ጠንካራውን አስቀር፣ ሌላውን ቁረጠው። የቀረው እርሳስ ያህል ሲወፍር ከደህና ዛፍ ቅርንጫፍ ወስደን እዚያው ላይ እናዳቅለዋለን። ሥሩ የተተከለ ስለሆነ ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ይሮጣል። ሦስተኛው አቮካዶህ ደህና ከሆነ ቅርንጫፉን ከሌላ መፈለግም የለብህም፣ ትንሽ ይጎልምስ እንጂ።

ጡረተኛው | ሚያዝያ 23

ትክክል። እስከዚያው ቀንበጡን ከእንጨት ጋር በቁራጭ ጨርቅ በስምንት ቁጥር ቅርጽ አላልተህ እሰረው፤ በሲባጎም በሽቦም አይሆንም። በዓመቱ መፍታት አትርሳ።

ፋሲካስ? በጉ የት ታሰረ?

አዲስ ጓሮ | ሚያዝያ 24

በሩ ብረት ላይ ጋሼ! ማንም ሰው በግ ወደ ጓሮ ይዞ እንዳይገባ ብዬ ለቤተሰቡ ጥብቅ ማሳሰቢያ ሰጥቻለሁ።

የጓሮው እመቤት | ቢሾፍቱ | ሚያዝያ 24

ጤና ይስጥልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ለወራት እዚህ ቤት ሲያመሽ ምን እንደሚያደርግ ላይ ብዬ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። "ታስሮ ነበር"፣ "ገመዱ ዞሮ ነበር" የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሙክቱን ገዝቶ ያመጣው እሱ፣ አቮካዶው ላይ ያሰረው እሱ፣ "ተዪው ጥላ አለው" ያለኝም እሱ ነው። ፎቶ አለኝ፤ ከበጉ ጋር ቆሞ ነው የተነሳው።

እትዬ ዘይቱን | ሚያዝያ 24

ልጄ፣ ፎቶውን ለጥፊልን።

ጡረተኛው | ሚያዝያ 24

ከለጠፍሽው ቋጠሮው በደንብ ይታይ፤ ስንት ጊዜ እንደዞረ ማየት እፈልጋለሁ።